ደህና ናት

ቤቷ ዳገት ላይ ነው፣ ሼፊልድ ላይኛው ሰፈር፣
ትራም ከማይደርስበት፣ ከቀይ ሸክላ ቤቶች ዳር።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆስፒታል ወለል በሌሊት ወለወለች፤
አንድ ሌሊት ከነመወልወያዋ እዚያው ወለል ላይ ወደቀች።
ግራ ጎኗ ዛለ። ባለጎማ ወንበር በውሰት ሰጧት፤
ዳገቱን ማን ያስብ? በመኪና ለሚወጣው ምኑ ነው ዳገት?

ስሟ አልጋነሽ ነው፤ አባቷ ያወጣው፣ ዙፋኔ ነሽ ብሎ፤
እግር ሲከዳ ጊዜ ወርቁ ተሰወረ፣ ሰሙ ቀረ፣ መኝታ ተብሎ።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ፣ በሰዓት የምከፈል።
ደንቤ አንድ ገጽ ነው፦ አትጨምር፣ አትቀንስ፣ የሰማኸውን አቀብል፤
ጠበቃ አይደለህም።

መዛኟ ወጣት ናት። ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ
«እንዴት ነሽ?» አለቻት፣ በጨዋ ፈገግታ።
አልጋነሽ በደህናው እጇ ሻርፗን አስተካክላ ቀና አለች፤
እንግዳ መጥቶባታል፤ እንዴት ታማርር? እንዲህ መለሰች፦
«ደህና ነኝ፣ ተመስገን። አንቺስ? እናትሽስ? ሥራስ?»
ተረጎምኩ። ቃል በቃል። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።

መዛኟ ጻፈች፦ ደህና ናት።

«ማብሰል ትችያለሽ?» «ምን አለብኝ፣ ላንድ ራሴ።»
«ሃያ ሜትር መራመድስ?» «ቀስ እያልኩ፣ በትንፋሼ።»
ያደግንበት ጨዋነት ነው፤ ቁስል ለእንግዳ አይገለጥም፤
ቅጹ ላይ ግን ለጨዋነት የሚሆን ሣጥን የለም።
ነጥቡ በፖስታ መጣ። ዜሮ።
ደብዳቤውንም ያነበብኩላት እኔው ነኝ።
እውነቱን ተርጉሜ ውሸት አስጻፍኩ።

ከቤተ መጻሕፍቱ በላይ አንዲት ክፍል ማክሰኞ ማክሰኞ ትከፈታለች፤
ሊፍቱ የተበላሸ ዕለት ግን ጉባኤዋ ታች፣ በረንዳ ላይ፣ ዝናብ ዳር ናት።
ራሺዳ ትመራዋለች፤ የካሽሚር ልጅ፣ ሁለት ክራንች፣ አንድ የማይዝል ቁጣ።
ዓብዱልጋኒ አለ፣ የመናዊው ዓይነ ስውር፤
የይግባኝ አንቀጹን በቃሉ ይወርደዋል እንደ ዳዊት ደጋሚ።
ያርሚላ ሮማ ናት። ልጇ አይሰማም፤ ጆሮው ነው፤
ትምህርት ቤቱ ግን «ምክር አይሰማም» ብሎ ነው የመዘገበው።

ራሺዳ አልጋነሽን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጠየቀቻት፤
(የሁለቱም የተሰባበረ ስለሆነ ገጠመላቸው)
«የእንግዳ ቀንሽን ተይው። ማንም የሌለበትን ሌሊት ንገሪኝ» አለቻት።
አልጋነሽ ዝም አለች። ቆይታ ስለ አንድ ሐሙስ አወራች፤
መታጠቢያ ቤት ወድቃ፣ እንዴት ንጋትን እንደ ጠበቀች፤
ጎረቤት እንዳይረበሽ
ግድግዳውን በአንድ ጣቷ ብቻ እንዴት እንዳንኳኳች።

ይግባኙ ሰኔ ላይ ተሰማ።
ሦስት ሰዎች፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ የውሃ ጆግ፣ ያልተነካ ብርጭቆ።
ዳኛዋ መነጽሯን ገፋ አድርጋ «ዛሬ እንዴት ነሽ?» አለቻት።
ከኋላ የራሺዳ ክራንች ወለሉን አንዴ መታ።
ያ የለመደ ቃል ከንፈሯ ላይ ሲደርስ አየሁት፤
ሊወጣ ሲል፣
ሲመለስ።
«ተመስገንን ዛሬ ቤት ትቼው መጣሁ» አለች።
«እሱ ለእግዜር ነው። ለእናንተ ሌላውን ልንገራችሁ።»

ሐሙስን ነገረቻቸው። ጣቷን፣ ግድግዳውን፣ ንጋቱን።
ተረጎምኩ። ከዚያም እጄን አወጣሁ፣ ጣስኩ ያንን ደንቡን፦
«በኛ አገር ደህና ነኝ ማለት መልስ አይደለም፤ ሰላምታ ነው፣ በር መክፈቻ።
በመጀመሪያው ቀን ያልተረጎምኩት ይህን ነው፤ ጥፋቱ የኔ ብቻ።»
አንደኛው ጻፈ። አንደኛዋ ሰዓቷን አየች።

ውሳኔው በፖስታ ይመጣል አሉ፣ ስድስት ሳምንት፣ ምናልባትም በላይ።
አውቶቡሱ ታች ጣለን። ዝናብ ነበር። ወንበሯን ገፋሁ፣ ሽቅብ፣ ወደ ላይ።
ወንበሩ ሲከብድ፣ ትንፋሼ ሲያጥር ሰማች መሰለኝ፤
ሳትዞር፣
«አንተስ ልጄ፣ ደህና ነህ?» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ፣ የለመድኩትን ልላት።
ዳገቱ ገና ግማሽ ነበር።